የግል ተፈታኝ

ሚያዝያ 20

ማታ ማታ እንድጽፍ የመከረኝ ዓለምነው ነው። «ያነበብሽውን በራስሽ አማርኛ ጻፊው፤ መጻፍ ያቃተሽ ነገር ካለ አልገባሽም ማለት ነው» አለኝ። ባሌ መምህር ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ዘንድሮ የኮምፒውተር አስተማሪ ስለጠፋ ያንንም ደርበው ሰጥተውታል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናውን ሳልፈተን ነበር ኩዌት የሄድሁት። ከተመለስሁ በኋላ ተጋባን። ክረምት ሲገባ በግል እፈተናለሁ። ምዝገባውን እሱ በየካቲት ጨርሶልኛል። ያኔ ደብረ ታቦር ኢንተርኔት አልነበረም፤ ሰነዶቼን ይዞ፣ በዚያ መንገድ፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄደ። የትኛው ባል እንዲህ ያደርጋል?

የዛሬው ትምህርት ኢነርሺያ ነበር። ቀመር አልጻፈም። «ከሐሙሲት ስንመጣ በሬ መንገድ ገብቶበት ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አንቺ ወደፊት ተወረወርሽ። ማን ገፋሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

አሰብሁ። «መሄዴን ስላላቆምሁ» አልሁ።

እጁን አጨበጨበ። «በቃ! መኪናው ቆመ እንጂ አንቺን ማንም አላቆመሽም።»

በተማሪነቴ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሸምድጄው ነበር። ያልገባኝ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ጓደኛዬ ለተሥላሴ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እሷም እንደኔ የግል ተፈታኝ ናት፤ ግን እኔ የተፈጥሮ ሳይንስ ነኝ፣ እሷ የማኅበራዊ። የሚያገናኘን ሒሳብ ነው። እኔ ሒሳቡን አስረዳታለሁ፤ እሷ ደግሞ ኢኮኖሚክሷን ጮክ ብላ ታወራልኛለች። «ሳወራው ነው የሚይዘኝ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚኝ» ትላለች።

ዛሬ ያወራችው ደስ አለኝ። የአንድ ነገር ዋጋ ያወጣሽበት ብቻ አይደለም፤ ለእሱ ስትይ የተውሽውም ነው። አባቴ አንዱን ማሳ ጤፍ ከዘራበት፣ የጤፉ ዋጋ ዘሩና ድካሙ ብቻ አይደለም፤ እዚያው መሬት ላይ ሊበቅል የነበረው ገብስም ነው። ኩዌትን አሰብሁ። ሰው ሁሉ ያመጣሁትን ነበር የሚጠይቀኝ፤ የተውሁትን የጠየቀኝ የለም።

ዓለምነው በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። «እኔን ስታገቢስ ማንን ነው የተውሽው?» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ ለተሥላሴ «የምዝገባ ቁጥርሽ ደረሰሽ? ለእኔ በስልክ መጣልኝ» አለች። በዓለምነው ስልክ እንደተመዘገብሁ ነገርኋት፤ ወደ እሱም ዞርሁ። «ቧንቧው ውሃ መጣለት መሰለኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። አልመጣም ነበር።

ግንቦት 2

ቁጥሩን ጠየቅሁት። ስልኩ ተበላሽቶ መልእክቱ ሁሉ ጠፍቶበታል። ወረቀቱ ግን ትምህርት ቤት፣ መሳቢያው ውስጥ አለ። ሰኞ ያመጣልኛል።

ስልኩ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። በጥምቀት ሰሞን መሰለኝ። ወይስ ከዚያ በኋላ ነው?

ግንቦት 5

አላመጣም። ረስቶት ነው። የሦስት ክፍል ፈተና እያረመ ነው፣ ምስኪን።

ግንቦት 8

የባሌ እናት እማማ እቴነሽ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የእብናቱን ቤት ዘግተው መጡ። እኔን አይጠሉኝም። ጠዋት ስነሣ «እግዜር ይባርክሽ» ሳይሉኝ አይውሉም። ይህን የምጽፈው ዛሬ ስለ ሰማሁት ነገር ክፉ እንዳላስብ ነው።

ጀሪካን ይዤ በአጥሩ ጥግ ሳልፍ ከጎረቤታችን ከፈንታነሽ ጋር ያወጋሉ።

«ምራትዎ ዩኒቨርሲቲ ከገባች እርስዎን ማን ያይዎታል?» አለቻቸው ፈንታነሽ።

«ኧረ ወዴትም አትሄድ! ልጄ መላ አበጅቶለታል።»

«እንዴት ያለ መላ?»

«አይ፣ ይኸ የቤት ነገር ነው» ብለው ሳቁ።

ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልሁ። እዚሁ ደብረ ታቦር እንድመደብ ሰው አነጋግሮ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ለምን አልነገረኝም? ሳልፍ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ይሆናል። አልጠይቀውም፤ ደስታውን አላበላሽበትም።

ግንቦት 12

ባዮሎጂ። ኦስሞሲስ፤ ውሃ ጨው ወደ በዛበት ይሄዳል። ሽምብራ ዘፍዝፌ አየሁት። እንግዳ መጣ። መብራት የለም። ሌላ ጊዜ።

ግንቦት 17

የዛሬው ምሽት የዚህ ዓመት ምርጡ ምሽት ነው።

ነገ ለተማሪዎቹ ፕሮግራሚንግ ስለሚያስተምር በእኔ ላይ ተለማመደ። ለፈተና አይመጣም፤ ግን እምቢ ማለት አልቻልሁም። ሉፕ ማለት ኮምፒውተሩ አንድን ትእዛዝ፣ የተባለው ሁኔታ እስኪሟላ ድረስ ደጋግሞ እንዲሠራ ማድረግ ነው። «ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ አንድ ጣሳ ጨምር» ብሎ ጻፈልኝ።

«ጀሪካኑ ቀዳዳ ቢሆንስ?» አልሁት።

አየኝና ሳቁ መጣ። «ታዲያማ እስከ ዕለተ ምጽአት ስትቀጂ ትኖሪያለሽ! ኮምፒውተር አይደክመው፣ አይጠረጥር። በቃህ እስካላሉት ድረስ ሥራውን አይተውም።»

ከዚያ እኔ ራሴ አንድ ሠራሁ። የተማሪዎች ውጤት ሲሰጠው አማካዩን የሚያወጣ ነው። ሲሠራልኝ እንደ ልጅ ጮህሁ። እማማ እቴነሽ ደንግጠው «ምን መጣ?» ብለው ገቡ።

ያኔ ነው ያወራሁት። «እኔ እኮ ይህን ነው መማር የምፈልገው። ሶፍትዌር።»

«እዚህ ላይደርስሽ ይችላል።»

«ሌላ ከተማ ከደረሰኝም እሄዳለኋ። በየዕረፍቱ እመጣለሁ። ኩዌት ኖሬ የለም? ይኸማ እዚሁ አገር ውስጥ ነው።»

ኮምፒውተሩን ዘጋው። ባትሪው አልቆ ነው አለ።

አሁን ሳስበው «ኩዌት ኖሬ የለም» ማለት አልነበረብኝም። ሰው ቤቱን የሚወድ ከሆነ ይከፋዋል። አፌ አያርፍም።

ግንቦት 24

ወረቀቱን ረሳሁት ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ የመሳቢያው ቁልፍ የተዛወረ መምህር ጋር ነው። የፈተና መግቢያ ካርድ ሲመጣ በስም ነው የሚፈለገው፣ ቁጥር አያስፈልግም አለኝ። ልክ ነው መሰለኝ።

ሰኔ 1፣ እሁድ

ለተሥላሴ ሰዓት ይዛ የካቻምናውን የፊዚክስ ፈተና አስፈተነችኝ። ስልክ ዘግተን፣ በር ዘግተን። ለዓለምነው እንዲያርመው ሰጠሁት።

ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ በየገጹ እየሳቀ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። ጥቂት ብቻ ነው የሳትሁት፤ ከተሳሳትሁት አንዱን ደግሞ እንደገና ሠርቶ፣ ልክ ነሽ ብሎ መለሰልኝ። መጨረሻ ላይ «ጥሩ ነው» አለ። ራትም አልበላም፤ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

እማማ እቴነሽ «ልጄን ምን አልሽው?» አሉኝ።

«ምንም አላልሁት፣ እማማ። ፈተና አለፍሁ እንጂ።»

«አዬ ልጄ» አሉ። ያዘኑልኝ ይመስላል።

ምናልባት ኮርቼበት ይሆናል። ወረቀቱን ስሰጠው ፊቴ ላይ አይቶ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ቀስ ብዬ እሰጠዋለሁ።

ሰኔ 7

ሙቀትና ሥራ አስጠናኝ። የጻፈልኝ ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። «ይህ እኮ አይመጣም፤ ፈተናው ደርሷል፣ የሚመጣውን እንከልስ» አልሁት።

«ማወቅ ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

አፈርሁ። እውነቱን ነው።

ግን ደግሞ ተማሪዎቹን ቅዳሜ ጭምር እየጠራ፣ ሰዓት እየያዘ፣ የድሮ ጥያቄ እያሠራ ነው። እኔን ግን «አትቸኩይ» ይለኛል። ለእኔ ስለሚያዝን ይሆናል።

ሰኔ 11

እንደገና ስለ ምዝገባው አነሣሁ። «አታምኝኝም?» ብሎ ተቆጣ። አምንሃለሁ አልሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። እግሩን አጠብሁት። እሱ ዓይኔን አላየም።

ሰኔ 17

ካርድ መጣ።

ለተሥላሴ ደውላልኝ ካርድ ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። የእሷ ወዲያው ተገኘ። ከዚያ እኔ ቀረብሁ። ካርድ የምትሰጠው ሴት ትሑት ናት። ስሜን ጻፈች። የአባቴን ስም ይሻውን ጻፈች። በአያቴም ሞከረች። የዓለምነውን ስልክ ቁጥር ነገርኋት፤ በሱም ፈለገች።

«እኅቴ፣ ስምሽ የለም።»

«ባሕር ዳር ነው የተመዘገብሁት።»

«የትም ብትመዘገቢ ለእኔ ይታየኛል። ጠፍቶ አይደለም፤ ጭራሽ አልገባም።»

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አልሁ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። «ባሌ መምህር ነው፤ እሱ ራሱ ነው ያስመዘገበኝ» አልሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ያኔ እሷ ያወቀችውን እኔ ገና አላወቅሁም ነበር። ወይም አውቄ ነበር። አሁን ይህን መለየት አልችልም።

ለተሥላሴ እስከ ቤት ድረስ ሸኘችኝ። የራሷን ካርድ እንዳላይባት ነጠላዋ ውስጥ ደብቃው ነበር።

ሰኔ 18

ትናንት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። ዛሬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ቤት ስገባ ፈተና እያረመ ነበር። ልብሴ ይንጠባጠባል።

«ካርድ ልወስድ ሄጄ ነበር» አልሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ባሕር ዳር ሄደህ ነበር?»

«ሄጄ ነበር፣ ጽጌ። በማርያም ሄጄ ነበር። ሰነዶችሽን ይዤ ተሰልፌያለሁ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ወጣሁ።»

«ለምን?»

የታረሙትን ወረቀቶች ይሰበስብ ጀመር።

«ለምን? እወድቃለሁ ብለህ?»

«ብትወድቂማ ምን ቸገረኝ!» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ከተፈተንሽ ታልፊያለሽ። ካለፍሽ ትሄጃለሽ። አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ሁለተኛ መሄድ አይከብደውም።»

«እንደማልፍ ታውቅ ነበር?»

«ከተማሪዎቼ ሁሉ በላይ።»

ዕድሜ ልኬን እንዲህ የሚለኝ ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ። በዚህ ቀን፣ በዚህ ነገር ላይ ሰማሁት።

«ታዲያ ከየካቲት እስከ ዛሬ ምን ነበር የምታስጠናኝ? ለየትኛው ፈተና?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ምሽቱ ደስ ስለሚለኝ» አለ በመጨረሻ። «ክፍል ውስጥ ማንም እንዳንቺ አይጠይቀኝም። ጀሪካኑ ቀዳዳ ቢሆንስ የሚለኝ የለም።»

እማማ እቴነሽ ከጓዳ ወጥተው በመካከላችን ቆሙ። «ምን አጠፋ? ሚስቴ አትሂድብኝ አለ እንጂ በትር አላነሣ! ትምህርቱም ቢሆን ለከርሞ አለ።»

«እማማ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ቤት እንዳይፈርስ ነው፣ ልጄ።»

እሳቸው ያውቃሉ። ፈንታነሽም ግማሹን ታውቃለች። በዚህ ግቢ ውስጥ ያልነቃሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት እየተማርሁ።

ማታ አላለቀስሁም። ያለቀስሁት ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ፈተና ሳነሣ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከውጤቴ ሥር፣ በትንሹ «ጎበዝ» ብሎ ጽፎ፣ መልሶ ሰርዞታል።

ሰኔ 20

ወጣሁ። መጻሕፍቱ በማዳበሪያ። ለተሥላሴ ቤት ነኝ። እሱ ትምህርት ቤት እያለ ነው የወጣሁት፤ ፊቱን ካየሁ የምቀር መስሎኝ።

ሰኔ 26

ደወለ። አላነሣሁም። ደወለ። አላነሣሁም። ሳይደውል ሲውል ደግሞ ስልኩን ደጋግሜ አየሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። መታሽ? ጠጣ? ሌላ ሴት አለችው? የለችም ስል ይገረማሉ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «ታዲያ ወዶሽ ነዋ!» አለችኝ። እኔም ለብቻዬ ስሆን እንዲያ እላለሁ። ወዶኝ ነው። ከዚያ ደግሞ ሰልፉ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ ሲወጣ ይታየኛል፤ ደጅ ላይ «ተሳካ፣ ተመዝግበሻል» ሲለኝ፣ እኔም አንገቱ ላይ ስጠመጠም። ያኔ አቅፎኝ ነበር። አቅፎኝ ምን እያሰበ ነበር?

ሐምሌ 7

ለተሥላሴን ፈተናው እስከሚሰጥበት ግቢ በር ሸኘኋት። ፍራሽና ብርድ ልብስ የተሸከሙ፣ ከየወረዳው የመጡ ልጆች። ጭቃ። እናቶች በር ላይ ይሰግዳሉ። ፈታሾቹ እኔንም «ካርድሽን» አሉኝ።

«እኔ ሸኚ ነኝ» አልሁ።

ለተሥላሴ ዞር ብላ «ፕሮባብሊቲን አንዴ ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው እየገፋን፣ ነገርኋት። አንዱ ሌላውን የማይነካ ሁለት ነገር አብሮ እንዲሆን ከፈለግሽ ታባዢያለሽ፤ ወይ ይኸ ወይ ያ ካልሽ ትደምሪያለሽ፤ ሁለቱም በአንዴ የሚሆኑ ከሆነ ግን የተደገመውን መቀነስ እንዳትረሺ። ራሷን ነቀነቀች፣ ሳመችኝ፣ ገባች።

ስመለስ በመንገዱ ሙሉ አንድም ሰው እንዳያናግረኝ ስጸልይ ነበር።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ሽማግሌ መጣ። የአባቴ ቤት ከአንበሳሜ ወረድ ብሎ ነው፤ ይመጣሉ ተብዬ ትናንት እዚያ ገባሁ። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ላይ ቆሙ፤ ዓለምነው ከኋላቸው። ከስቷል። አባቴ ጥቂት አስቁሞ «በሉ ግቡ» አላቸው።

ከሽማግሌዎቹ ተናጋሪው መሪጌታ ወርቁ ናቸው። ስለ ትዳር ክቡርነት ብዙ ተናገሩ፤ ጥቅስም ጠቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የሚያስታርቅሽን ንገሪን። ካሣ ከሆነ ካሣ፤ ይቅርታ ከሆነ ይኸው መጥቷል።»

«መሪጌታ፣ እኔ ካሣ አልፈልግም» አልሁ። «እዚህ አባቴ ፊት፣ እናንተ ፊት፣ ያደረገውን በራሱ አፍ ይናገር። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

«ይኸማ ቀላል ነው» አሉ፤ ደስ አላቸው። «ተናገር እንጂ፣ መምህር።»

ዓለምነው ተነሣ። አስተማሪ ነው፤ ቆሞ መናገር ያውቅበታል። አባቴን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። እኔን አላየኝም።

«ያው በየካቲት ኔትወርክ አልነበረም» አለ። «ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሞክሬ ነበር፤ ሲስተሙ አልሠራም አሉኝ። እንዳታዝንብኝ ብዬ አልነገርኋትም። ጥፋቴ መደበቄ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዘመኑ ነገር ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ» አለ አንደኛው።

አባቴ አንገቱን አቀርቅሮ ሲሰማ ቆየ። ፊደል አልቆጠረም፤ ስለ ሲስተም የሚያውቀው የለም። «አንቺስ ልጄ፣ እንዲህ ነው የሆነው?» አለኝ።

ዓለምነው ያን ጊዜ አየኝ። ዓይኑ ይለምነኛል። ሰው ፊት አታዋርጂኝ ይላል። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

«አይደለም፣ አባባ» አልሁ። «እሱ እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ተባለ። አልጽፈውም። መሪጌታ «ልብሽ ደነደነ» አሉኝ። አባቴ ግን ሽማግሌዎቹን እስከ አጥሩ ሸኝቶ ሲመለስ፣ «ያ ልጅ ዋሸ፣ አይደል?» አለኝ። አዎ አልሁት። «ሲናገር አንዴም ወደ አንቺ አልዞረም» አለና ወደ በሬዎቹ ሄደ።

እውነቱን ቢናገር ኖሮ ማዳበሪያዬን ተሸክሜ፣ ዛሬውኑ፣ አብሬው ልመለስ ነበር። ይህን ለማንም አልነገርሁም። ለአባቴም፣ ለለተሥላሴም።

ነሐሴ 6

ደብረ ታቦር፣ ለተሥላሴ ቤት። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱን አግዛለሁ፤ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ። የምዝገባውን ሕግ ጠይቄያለሁ፤ ሰነዶቼን ከእሱ እጅ በሰው አስመጥቻለሁ፤ ለከርሞ በራሴ ስልክ፣ በራሴ እጅ እመዘገባለሁ።

ዛሬ ኬሚስትሪ ያዝሁ። ሚዛን ላይ ስለደረሰ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ሁለትና ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር፤ ለውጡ ቆሟል ይላል፣ መልሶ ደግሞ አልቆመም ይላል። በመስኮቱ ዝናቡን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ድንገት ገባኝ። የቆመ የሚመስለው ከውጭ ለሚያየው ነው እንጂ ውስጡ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የሚሠራውን ያህል ይፈርሳል፣ የሚፈርሰውን ያህል ይሠራል። ስለዚህ ነው መጠኑ የማይለወጠው። ማንም ሳያስረዳኝ፣ ማንም ምሳሌ ሳይሰጠኝ ገባኝ።

ከደስታዬ ብዛት «አየኸው?» ብዬ ጮክ ብዬ ዞርሁ።

ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።